«የአያቴ አጥንት ይወቅሰኛል?»፦ ከቀድሞ ጀርመናዊ የጦር ምርኮኛ ጋር ስለ ገጠመ ወዳጅነት

ጥያቄ፦

«በሰሜን እንግሊዝ፣ በዮርክሻየር ባለች አነስተኛ ከተማ የምኖር፣ በአውቶቡስ ሹፌርነት የምተዳደር የ51 ዓመት ሰው ነኝ። ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ከስድስት ዓመት በፊት ከማዘጋጃ ቤቱ አንዲት የአትክልት ቦታ ተከራይቼ ጎመን፣ ቃሪያና ጤና አዳም መትከል ጀመርሁ። ከጎኔ ያለችውን ቦታ የሚያለሙት ዛሬ 97 ዓመት የሞላቸው አዛውንት ናቸው። ድንች መትከል ያስተማሩኝ፣ ሌሊት ውርጭ የሚወርድ ሲመስላቸው ከራሳቸው ችግኝ ጋር የእኔንም የሚሸፍኑልኝ እሳቸው ናቸው። ጀርመናዊ መሆናቸውን ያወቅሁት በሁለተኛው ዓመት ነው። በ17 ዓመታቸው ለጦርነቱ ተመልምለው በ1945 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ወታደሮች ተማረኩ። ቤልጂየም በሚገኝ ካምፕ ቆይተው በማግስቱ ዓመት ወደዚህ አገር መጡ፤ ከካምፕ እየወጡ በእርሻ ሲሠሩ ቆይተው ጓደኞቻቸው ወደ አገራቸው ሲመለሱ እሳቸው እዚሁ ቀሩ። ሚስታቸው ሞተዋል፤ ልጅ አልወለዱም።

«ችግሩ የመጣው አባቴ ከአገር ቤት ከመጡ በኋላ ነው። አባቴ 88 ዓመታቸው ነው። አያቴ በሸዋ አርበኛ ነበሩ፤ በ1931 ዓ.ም. ጣሊያኖች ሲገድሏቸው አባቴ የሁለት ዓመት ሕፃን ነበሩ፤ የአባታቸውን መልክ አያውቁም። አዛውንቱ ለትንሿ ልጄ በካምፕ ሳሉ መሥራት የተማሩትን የእንጨት መጫወቻ ሠርተው ሰጥተዋት ነበር። እጀታ ያላት ክብ ገበታ ናት፤ በላይዋ አምስት ዶሮዎች ቆመዋል፣ ከሥሯ በክር የተንጠለጠለው ድቡልቡል እንጨት ሲወዛወዝ ዶሮዎቹ ተራ በተራ እህል ይለቅማሉ። አባቴ ሳምንት ሙሉ ከልጄ ጋር ሲጫወቱባት ሰነበቱ። ማን እንደ ሰጣት ጠይቀውኝ ስነግራቸው ግን ፊታቸው ጠቆረ። ‹የሂትለር ወታደር ከሙሶሊኒ ወታደር በምን ይለያል? የአባቴን ደም ረስተህ ከማን ጋር ነው ቡና የምትጠጣው?› አሉኝ። መጫወቻዋን ከልጄ እጅ ወስደው ፍሪጅ አናት ላይ አስቀመጧት። ከዚያ ወዲህ ከአትክልት ቦታው የመጣ ድንችም ሆነ ጎመን አይቀምሱም።

«ለሰላም ብዬ ሰውዬውን መጎብኘት እንደ ተውሁ ነገርኋቸው። እውነቱ ግን በሳምንት ሁለት ቀን ‹ተጨማሪ ፈረቃ አለብኝ› እያልሁ እሄዳለሁ። ባለቤቴ ይህን ታውቃለች፤ ‹ልጆቹ ፊት አታስዋሸኝ› ትለኛለች። አዛውንቱ ዘንድሮ ደክመዋል፤ ‹አባትህን ሳልተዋወቅ እንዳልሞት› ብለውኛል። ለፋሲካ ሁለቱን በአንድ ገበታ ላገናኛቸው አስቤአለሁ። በጦርነቱ ጊዜ ምን እንዳደረጉ ግን እስከ ዛሬ ጠይቄአቸው አላውቅም፤ መልሱን ፈራሁት። ይህን ሰው በመውደዴ የአያቴ አጥንት ይወቅሰኛል?»

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። በመጀመሪያው ንባብ ዓይኔ ያረፈው እርስዎ እንዲያርፍ በፈለጉበት ስፍራ፣ ማለትም በጦርነቱ፣ በአያትዎ ሞትና በአዛውንቱ ወጣትነት ላይ ነበር። በሁለተኛው ንባብ ግን ከአባትዎ ንግግር የመጨረሻዋ ቃል ያዘችኝ፦ «ከማን ጋር ነው ቡና የምትጠጣው?» እርስዎ ይህችን ጥያቄ እንደ ክስ ሰምተዋታል፤ በእርግጥም ክስ አለባት። ነገር ግን እንደ ተነገረች ብንሰማት ሌላ ነገርም ትነግረናለች። ደጃፋቸውን፣ አጥቢያቸውንና እንደ ልባቸው የሚያወጉላቸውን ባልንጀሮች ትተው የመጡ የ88 ዓመት ሰው፣ ልጃቸው ከሥራ በተረፈችው ጊዜ ከሌላ ሽማግሌ አጠገብ እንደሚቀመጥ ባወቁ ጊዜ የጠየቁት ጥያቄ ነው። ወደዚህ ነገር እመለስበታለሁ፤ አስቀድሜ ግን በግልጽ ለጠየቁኝ በግልጽ ልመልስ።

አይወቅስዎትም። በእኛ ዘንድ አጥንት ይወቅሳል የሚባለው የሟቹን አደራ የበላውን፣ ስሙን የሸጠውን፣ በደሙ የነገደውን ሰው ነው። እርስዎ በአያትዎ ደም ያገኙት ጥቅም የለም፤ ስማቸውንም በማንም ፊት አልሸሸጉም። የአርበኞቹ ዘመን ራሱም ቢሆን ይህን ጥያቄ ያውቀዋል። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ በገቡበት ዕለት ባደረጉት ንግግር፣ ሕዝባቸው ክፉን በክፉ እንዳይመልስ፣ ጠላት በሕዝቡ ላይ የፈጸመውን ዓይነት ግፍም እሱ መልሶ እንዳይፈጽም አዘዋል፤ ይህን ትእዛዝ የተቀበሉት አባታቸውን፣ ወንድማቸውንና ሚስታቸውን የቀበሩ ሰዎች ነበሩ። ይህን የምጠቅሰው ግን «አያትዎም እንዲህ ይሉ ነበር» ለማለት አይደለም። አያትዎ ያን ቀን ሳያዩ ወድቀዋል፤ ስለዚህ እኔም ሆንሁ እርስዎ፣ አባትዎም ቢሆኑ፣ በእሳቸው አፍ ልንናገር አንችልም። የሙታንን ፈቃድ እናውቃለን ማለት፣ ለይቅርታም ሆነ ለበቀል ስንለው፣ ያልተሰጠንን ሥልጣን መውሰድ ነው።

እርስዎ የጻፉልኝ በዚህ ጥያቄ ፊት ብቻውን እንደ ቆመ ሰው ነው፤ ብቻዎን ግን አይደሉም፤ የሚኖሩበት አገር ራሱ ይህን ጥያቄ ከሰባ ዓመት በላይ ሲኖረው ቆይቷል። በ1946 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ ምድር ከ400,000 በላይ የጀርመን ምርኮኞች ነበሩ። ሰላም ከሆነ ከአንድ ዓመት በኋላም ቢሆን በእርሻ፣ በመንገድና በግንባታ ሥራ ተሰማርተው ቆይተዋል፤ በ1947 መጀመሪያ ያ ብርቱ ክረምት አገሩን በበረዶ በዘጋው ጊዜ አካፋ ይዘው መንገድና ባቡር ሐዲድ ከከፈቱት መካከል እነሱ ነበሩ። የአገሬው ሰው ከእነሱ ጋር እንዳይወዳጅ የተደነገገው ክልከላ የተነሣው በታኅሣሥ 1946 ነው። በዚያው ወር፣ ለፈረንጆቹ ገና፣ ብዙ ቤተሰብ በጀርባው ላይ የምርኮኛ ምልክት የተሰፋበትን ወጣት ቤቱ ጠርቶ ከልጆቹ ጋር አስቀመጠ። በሐምሌ 1947 ጋብቻም ተፈቀደ። በ1948 ምርኮኞቹን ወደ አገራቸው የመመለሱ ሥራ ሲጠናቀቅ ወደ 24,000 የሚጠጉት እንደ እርስዎ ጎረቤት እዚያው መቅረትን መረጡ። ያን ገና በር የከፈቱት ሰዎች ሁሉ ጦርነቱ ያልነካቸው አልነበሩም። በጠረጴዛው ዙሪያ የሌለ ልጅ፣ በአየር ድብደባ የፈረሰ ቤት ነበራቸው። በራቸውን ያልከፈቱም ብዙዎች ነበሩ፤ እነሱም ክፉ ሰዎች አልነበሩም።

ስለ እርስዎ ጭንቀት ከሁሉ የበለጠ የሚናገረኝ ግን በማንቸስተር የሆነው ነው። በጥቅምት 1949 ማንቸስተር ሲቲ የተባለው የእግር ኳስ ክለብ በርት ትራውትማን የተባለውን የቀድሞ ምርኮኛ ግብ ጠባቂ አድርጎ ሲያስፈርም፣ ከተማይቱ ብዙ አይሁድ የሚኖሩባት ነበረችና በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተቃውሞ አሰሙ። በዚያን ጊዜ የከተማው አይሁድ መሪ የነበሩት ረቢ አሌክሳንደር አልትማን ራሳቸው ከጀርመን የሸሹ፣ ወላጆቻቸውንም ናዚዎች የገደሉባቸው ሰው ነበሩ። በአደባባይ በጻፉት ደብዳቤ፣ ሕዝባቸው ያየው መከራ ምንም ያህል ቢከፋ፣ በዚያ ወንጀል እጁ የሌለበትን አንድን ጀርመናዊ በጥላቻ መቅጣት እንደማይገባ አሳሰቡ። የተናገሩትን ብቻ ሳይሆን ያልተናገሩትንም ልብ እንዲሉልኝ እፈልጋለሁ። እርሱት አላሉም። በወላጆቼ ስም ይቅር ብዬዋለሁ አላሉም። ሰውዬውን ውደዱት ብለውም አላዘዙም። እርስዎም ከጎረቤትዎ ጋር ሲቀመጡ በአያትዎ ስም የምሕረት ወረቀት እየፈረሙ አይደለም፤ ያ ወረቀት በእጅዎ የለም። ወዳጅነት ግን የራስዎ ነው፤ ለመስጠትም ለመንፈግም ሥልጣኑ አለዎት።

እንግዲህ ከባዱ ነገር እዚህ ላይ ይጀምራል። በስድስት ዓመት ውስጥ ጠይቀዋቸው አያውቁም። ይህን እንደ ጨዋነት እንደሚቆጥሩት እገምታለሁ፤ ሽማግሌን ቁስሉን መነካካት በእኛ ባህል ነውር ነውና። ነገር ግን ደብዳቤዎ ራሱ «መልሱን ፈራሁት» ይላል፤ ይህ ደግሞ ከጨዋነት ይልቅ ራስን መጠበቅ ነው። የማናውቀውን ሰው በምንወደው ሥዕል ተክተን ስንወድ ፍቅራችን ለሥዕሉ ይሆናል፤ አባትዎም ይህን ክፍተት ሳያዩት አይቀሩም። «የሂትለር ወታደር ከሙሶሊኒ ወታደር በምን ይለያል?» ብለው ሲጠይቁ እርስዎ የሚመልሱት አልነበረዎትም፤ አያውቁትምና።

ካርል ያስፐርስ የተባለው ጀርመናዊ የሥነ አእምሮ ሐኪምና ፈላስፋ ጦርነቱ እንዳበቃ ስለ ወገኖቹ በደል በጻፈ ጊዜ፣ በሕግ የሚያስጠይቀውን ወንጀልና ዜጋ ሁሉ ለመንግሥቱ ሥራ የሚሸከመውን ኃላፊነት ከኅሊና በደል ለይቶ አስቀምጧል። ወንጀልን ፍርድ ቤት ይመረምረዋል። የኅሊና በደልን ግን የሚመረምረው የሰውየው የራሱ ኅሊና ነው፤ ከራሱም ቀጥሎ የሚወዱት የቅርብ ወዳጆቹ ከእሱ ጋር በሚያደርጉት ንግግር ነው ይላል። ይህን አሳብ በሥራዬ ብዙ ጊዜ አስታውሰዋለሁ። ጎረቤትዎን ይህን ጥያቄ መጠየቅ የሚችል ሰው በዚህ ዓለም ላይ ከቀረ፣ ምናልባት ከእርስዎ በቀር የለም። ሚስታቸው ሞተዋል፤ አብረዋቸው የተማረኩት አልፈዋል። መጠየቅዎ የወዳጅነቱ ተቃራኒ ሆኖ ከታየዎት፣ እኔ የወዳጅነቱ ሥራ ሆኖ ይታየኛል።

እንዴት ይጠየቃል? ጎን ለጎን ተቀምጦ፣ እጅ ሥራ ይዞ። ፊት ለፊት የተጠየቀ ሽማግሌ ፍርድ ቤት የቆመ ይመስለዋል፤ ድንች እየለየ የተጠየቀ ሰው ግን ዓይኑን የሚያሳርፍበት አያጣም። «አባቴ ስለ እርስዎ ጠየቁኝ፤ እኔም የማውቀው ጥቂት መሆኑን ተረዳሁ። በጦርነቱ ጊዜ የት ነበሩ? ምን አዩ? ምን እንዲያደርጉ ታዘዙ?» ብለው ይጀምሩ። ከዚያ ዝም ይበሉ። ዝምታው ረጅም ይሆናል፤ አይሙሉት። በሌላ ቀን «ያን የጠየቅኸኝን» ብለው ራሳቸው ቢመለሱበት አይደነቁ። በካምፑ ዘመን ስለ ናዚ ማጎሪያ ካምፖች የተቀረጸ ፊልም ለምርኮኞች ይታይ ነበር፤ ያዩ እንደ ሆነ በዚያን ቀን የተሰማቸውን መጠየቅ ጥሩ መግቢያ ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ ምርኮኛ ውሸት ነው ብሎ ፊቱን አዙሯል፤ አንዳንዱ አልቅሷል፤ የትኛው እንደ ነበሩ ይነግርዎታል።

በ17 ዓመት ልጅ ላይ፣ ጦርነቱ ሊያበቃ ወራት ሲቀሩት በተመለመለ፣ የሚጫነው ነገር ከአንድ የጦር አዛዥ ጋር አይተካከልም፤ ምንም ነገር አይጫንበትም ማለት ግን አይደለም፤ እሳቸውም ይህን ያውቁታል። ትራውትማን ራሱ የተወደደ ስፖርተኛ ሆኖ ብዙ ዓመት ከኖረ በኋላ፣ በምሥራቁ ግንባር ሳለ ሰላማዊ ሰዎች ሲረሸኑ ማየቱን በስተእርጅናው ተናግሯል። የእርስዎም ጎረቤት መልስ እንቅልፍ የሚነሳ ሊሆን ይችላል። ከሆነ፣ ዕለቱኑ ወዳጅነቱን ለማፍረስም ሆነ «ድሮ ነው፣ ይርሱት» ለማለት አይቸኩሉ። ሁለቱም የራስን ጭንቀት ለማስታገስ የሚደረጉ ናቸው። የሰሙትን ይዘው ጥቂት ሳምንት ይቆዩ፤ በዚያም ጊዜ በአትክልት ቦታው ላይ እንዳሉ ይታዩ። በኖርተምበርላንድ፣ ፌዘርስተን ፓርክ በተባለው ካምፕ፣ ሄርበርት ዙልትስባኽ የሚባል አስተርጓሚ ነበር፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለጀርመን የተዋጋ፣ አይሁዳዊ በመሆኑ አገሩን ጥሎ የሸሸና የእንግሊዝን ጦር ልብስ የለበሰ ሰው። ይህ ሰው ከምርኮኞቹ ጋር ቀን ከሌት ስለ ናዚ ሥራ ሳይሸፋፍን ተነጋገረ፤ ብዙዎቹም አገራቸው ከገቡ በኋላ የዕድሜ ልክ ወዳጆቹ ሆኑ። ወዳጅነቱ ዘላቂ የሆነው ጥያቄውን ስላልሸሸው ይመስለኛል።

«አባትህን ሳልተዋወቅ እንዳልሞት» የሚለውም ልመና ከዚህ ጋር አብሮ መመርመር አለበት። ለምን ፈለጉ? የወዳጃቸውን አባት በማክበር ብቻ ከሆነ መልካም ነው። ነገር ግን ሽማግሌው ዕድሜ ልካቸውን ያልተናገሩትን ነገር በጦርነት አባቱን ላጣ አንድ ሰው ተናግረው ለመሞት ፈልገው ሊሆን ይችላል። ይህ ሰብአዊ ምኞት ነው፤ አላወግዘውም። ይሁን እንጂ ሸክሙ በማን ላይ እንደሚወድቅ ያስተውሉ። አባትዎ በሁለት ዓመታቸው ወላጅ አልባ የሆኑት በጣሊያን እጅ ነው፤ ዛሬ በ88 ዓመታቸው፣ በሰው አገር፣ ጉዳታቸው ሌላ ለሆነ እንግዳ ሰው ኑዛዜ ተቀባይ እንዲሆኑ መጠየቅ በዝቷል። አዛውንቱ ከልባቸው ያለውን ለእርስዎ ይንገሩ። እርስዎ ከሰሙት በኋላ የአባትዎ ጆሮ ያን ያህል አስፈላጊ ላይሆን ይችላል።

አሁን ወደ አባትዎ። የአባታቸውን መልክ አያውቁም ብለውኛል፤ ይህ የደብዳቤዎ ከባዱ ቃል ነው። ወላጁን አውቆ ያጣ ሰው የሚያስታውሰው ድምፅ፣ የሚያስታውሰው ጋቢ አለው። አባትዎ ግን ከአባታቸው የወረሱት ታሪኩንና ቁጭቱን ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው መጥቶ «ቁጭቱን ተዉት» ሲላቸው የሚሰሙት «አባትህን ተው» ተብሎ ነው። በቤተሰብ የሥነ ልቦና ሕክምና ውስጥ በየጊዜው የምንደርስበት ነገር ይህ ነው፤ አንዳንድ ቁጣ፣ ለሟች የተገባ፣ ማንም ያልጻፈው ውል ሆኖ ይቀመጣል። በክርክርም አይፈርስም። ጀርመን ኢትዮጵያን አልወረረችም፤ ሂትለርና ሙሶሊኒም የተወዳጁት አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላ በጥቅምት 1936 እ.ኤ.አ. ነው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ለአባትዎ ግን አይንገሯቸው። በዚያው ወር ጀርመን የጣሊያንን ወረራ እውቅና መስጠቷም እውነት ነው፤ ክርክሩ ከተጀመረ ማለቂያ የለውም፤ ደግሞም አባትዎ የጠየቁዎት የታሪክ ጥያቄ አይደለም።

የጠየቁት ከማን ጋር ቡና እንደሚጠጡ ነው። ለአንድ አፍታ ቀኑን በእሳቸው ዓይን ይዩት። የልጅ ልጆቻቸው በእንግሊዝኛ ይንሾካሾካሉ፤ ምራታቸውም ልጃቸውም በፈረቃ ይወጣሉ ይገባሉ፤ መስኮቱ ላይ ዝናብ ነው። የኖሩበትን ምድር የሚያውቅ፣ ስለ ዘሩና ስለ ዝናቡ የሚጠይቃቸው የለም። ልጃቸው ግን ይህን ሁሉ፣ ተከላውንም፣ ውርጩንም፣ የሽማግሌ ወግንም፣ ሌላ ሽማግሌ ዘንድ ሄዶ ያገኘዋል። ይህን የምልዎት ልወቅስዎት ብዬ አይደለም፤ ሰው ከአባቱ ጋር የማይችለውን ከጎረቤት ጋር መቻሉ የተለመደ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት፦ አባትዎ ስለ አባታቸው የሰሙትን ሁሉ፣ ከእናታቸው፣ ከዘመድና ከመንደር ሽማግሌ የለቃቀሙትን፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተቀምጠው አዳምጠዋቸው ያውቃሉ? ካላደረጉት ሳይዘገዩ ይህን ያድርጉ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ስልክ አጥፍተው፣ ቡና ተፈልቶ። ቢፈቅዱ ድምፃቸውን ይቅረጹት። ጦርነቱ ከአያትዎ ምን እንደ ወሰደ ሙሉውን የሰማ ልጅ «የአባቴን ደም ረስተሃል» ሊባል አይችልም፤ ሊባልም ቢችል እንኳ ቃሉ እንደ በፊቱ አይወጋውም።

ከአዛውንቱ የመጣውን አትክልት ብቻ ነው የማይቀምሱት ወይስ ከገበታ ራሱ እየሸሹ ነው? እንቅልፋቸውስ? በዚህ ዕድሜ አገር የለወጠ ሰው ሐዘኑ በቁጣ መልክ እየወጣ በውስጡ የመንፈስ ጭንቀት ሊደበቅ ይችላል። ክብደታቸው ከቀነሰ ወይም ጸሎታቸውን እንኳ ካስታጎሉ፣ ሳይዘገዩ የቤተሰብ ሐኪም ያሳዩዋቸው፤ አስተርጓሚም ይጠይቁ፤ ልጆችዎን አስተርጓሚ አያድርጓቸው።

ውሸቱ ግን ከሁሉ በፊት መቆም አለበት፤ በዚህ ላይ ከባለቤትዎ ጎን ነኝ። «ተጨማሪ ፈረቃ» የሚለው ቃል ንጹሑን ወዳጅነት እንደ ውሽምነት የሚደበቅ ነገር አድርጎታል። አንድ ቀን ከጓንትዎ ላይ በሚገኝ አፈር እውነቱ ይገለጣል፤ ያን ጊዜ አባትዎ የሚያለቅሱት ስለ ጀርመኑ አይሆንም፤ ልጄ ፊቴ ቆሞ ዋሸኝ ብለው ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ፣ መደበቅዎ ራሱ በየሳምንቱ «የምሠራው ክፉ ሥራ ነው» እያለ ለልብዎ ይነግረዋል፤ የአጥንቱ ወቀሳ የሚሰማዎት ከዚህ ይመስለኛል።

ሲነግሯቸው ፈቃድ እየለመኑ አይሁን፤ ይቅርታውም ለውሸቱ ብቻ ይሁን። ልጆቹ በሌሉበት፣ ዝቅ ብለው ተቀምጠው፣ እንዲህ ያለ ነገር ቢሏቸው ይበቃል፦ «አባባ፣ ዋሽቼዎታለሁ። ያንን ሰው መጎብኘት አልተውሁም። መዋሸቴ ጥፋት ነው፣ ስለዚህ ይቅር ይበሉኝ። መሄዴን ግን አልተውም፤ ሰውዬው ብቻቸውን ናቸው፣ ብዙም ዕድሜ የላቸውም። እርስዎ እንዲቀበሏቸው አልጠይቅዎትም። ከእሳቸው ቦታ የመጣ ነገር ወደ ገበታዎ አይቀርብም። የአያቴን ነገር ግን ከእርስዎ በቀር የሚነግረኝ የለምና ይንገሩኝ።» ይቆጣሉ። ምናልባት ለጥቂት ቀን አያናግሩዎትም። ተቆጥተው ዝም ቢሉ ይሻላል፤ ቢያንስ ሁለታችሁም ስለ ምን እንደ ተኳረፋችሁ ታውቃላችሁ።

የፋሲካውን አሳብ እባክዎ ይተዉት። የፋሲካ ገበታ አባትዎ በዓመት አንድ ጊዜ ሙሉ አገራቸውን የሚያገኙበት ነው፤ በዚያ ቀን እንግዳ ፊት አስቀምጠው ጨዋ እንዲሆኑ ማስገደድ ሰላም አያመጣም። እኔ ባደግሁባት ከተማ ከጦርነቱ በኋላ የቀረ አንድ ጣሊያናዊ ወፍጮ ነበረው። አያቴ ወንድማቸውን በዚያ ዘመን ያጡ ሴት ነበሩ፤ እህላቸውን ለዓመታት እዚያው ወፍጮ ቤት ያስፈጩ ነበር፤ ገንዘቡን ግን አንድ ቀን በእጃቸው ሰጥተውት አያውቁም። እኛን ልጆቹን ይልኩናል፤ እሳቸው ከበሩ ማዶ ዋርካው ሥር ይቆማሉ። በልጅነቴ ይህን እንደ ግትርነት እቆጥረው ነበር። ዛሬ ግን አያቴ ከእሱ ጋር በአንድ ከተማ ሊኖሩ የሚችሉበትን ርቀት በገዛ እጃቸው ለክተው ማግኘታቸው እንደ ነበር ይገባኛል፤ ከዋርካው ወዲህ እንዲመጡ የገፋፋቸው ባለመኖሩም ደስ ይለኛል። አባትዎም ዋርካቸውን ይምረጡ። ምናልባት አንድ ቀን «ያ ሰውዬ እንዴት ነው?» ብለው ይጠይቁ ይሆናል፤ ምናልባትም አይጠይቁም።

ለአዛውንቱም እውነቱን ይንገሯቸው፦ አባቴ አባታቸውን በጦርነት ያጡ ናቸው፣ ሊያገኙዎት አይችሉም፣ እኔ ግን እመጣለሁ። የ97 ዓመት ሰው ይህን ለመረዳት ይበቃሉ፤ እሳቸውም በአንድ ወቅት ብዙ የተዘጋ በር አይተዋል። ድካማቸው ከበረታ የማዘጋጃ ቤቱን የአረጋውያን እንክብካቤ ክፍል ያነጋግሩላቸው፤ ሁሉንም በእርስዎ ትከሻ ብቻ አይሸከሙት።

ስለ መጫወቻዋ አንድ ነገር ልጨምር። አባትዎ በተቆጡበት ሰዓት ወደ ቆሻሻ አልጣሏትም፤ አልሰበሯትምም። ፍሪጅ አናት ላይ አኖሯት፤ ሕፃን የማይደርስበት፣ እሳቸው ግን እጃቸውን ቢዘረጉ የሚያገኙት ቦታ ነው። እርስዎ አያውርዷት፤ ባለቤትዎም አታውርዳት። ልጅዎ ዶሮዎቿ ለምን እዚያ ላይ እንደ ወጡ ከጠየቀችዎት አያስተባብሉ፤ «አያትሽን ጠይቂያቸው፣ ምክንያቱን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው» ብለው ወደ እሳቸው ይስደዷት።